የመስቀሉ ማውረጃ ዜማ

ቦነስ አይረስ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1997

ለተከበሩ ዶን ሳቱርኒኖ ካሊሳያ
ቃላኡታ

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በጎቹም ደህና ሆነው፣ ድንቹም ከውርጭ ተርፎ ያግኝዎ። እኔ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ደህና ነኝ።

አጎቴ፣ መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገርዎ። ዴልፊና እባላለሁ፣ የኢላሪዮን ልጅ ነኝ። አባቴና እርስዎ የወንድማማቾች ልጆች ናችሁ። ከቃላኡታ ስንወጣ ሕፃን ስለነበርኩ ብዙ አላስታውስም፤ እርስዎን ግን ከነከበሮዎ አስታውስዎታለሁ። አባቴ ባለፈው ክረምት አረፈ። መርዶው በሚመላለሱት ነጋዴዎች በኩል ደርሷችሁ በስሙ ጸሎት እንዳደረጋችሁለት ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልን።

የምጽፍልዎ ስለ ሲኩ ዋሽንታችን ነው። አባቴ እዚህ ያሉትን የቃላኡታ ልጆች ሰብስቦ የሲኩ ቡድን አቋቁሞ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ስንሰፋ ከርመን እሁድ ከሰዓት በባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ እንነፋለን። ሜይ ሦስት የመስቀል በዓል ሲደርስ ደግሞ መስቀላችንን በአበባ አስጊጠን መንገድ ዘግተን እንጨፍራለን። እዚህ ያለ የቦሊቪያ ሰው የቃላኡታን ቡድን የማያውቅ የለም። ይህን የምጽፍልዎ ኮርቼ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጎድሎናል። መስቀሉ ንጋት ላይ ከፑካራ ኮረብታ ሲወርድ የሚነፋውን ዜማ አባቴ ሳይጨርስልን ሄደ። የራሱን ክፍል፣ የአውጪውን፣ አስተምሮናል። የተቀባዩን ግን “እኔ ተቀባይ ሆኜ አላውቅም” ይል ነበር። እርስዎ እንደሚያውቁት ሲኩ ለብቻ አይነፋም፤ በአንዱ ሸምበቆ ያለው ድምፅ በሌላው የለም። አንድ ሰው ካወጣ ሌላው ካልተቀበለው ዜማው ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ነው። እባክዎ የተቀባዩን ክፍል በካሴት ቀድተው ይላኩልን።

ሸምበቆም ቢገኝ ደስ ይለናል። እዚህ ስለሌለ የምንነፋው ከፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ቆርጠን በሠራነው ነው። አይሳቁብን፣ ድምፁ ደህና ነው።

አክባሪዎ
ዴልፊና


ቃላኡታ፣ ሜይ 20 ቀን 1997

ለልጄ ለዴልፊና

እናት ምድር ለእግርሽ ትለስልስልሽ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። እኔ ከጉልበቴና ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ።

አባትሽ በዕድሜ ያንሰኝ ነበር፤ በሩጫ ግን አንድ ቀን ቀድሜው አላውቅም። መጨረሻ ላይም ቀደመኝ። ነፍሱን ይማር።

በውሃ ቧንቧ እንነፋለን ያልሽውን ለጎረቤቶቼ ነገርኳቸው። ዶን ኤሚሊያኖ፣ “ሲነፉት ውሃ ይመጣላቸዋል ወይ? እኛ ጋ ቧንቧው ከተቀበረ ስንት ዘመኑ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። መጥተው ይንፉልን እንጂ” አለ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አትቀየሚ፣ ስንስቅ የሰነበትነው በአንቺ ብቻ አይደለም፣ በቧንቧችንም ነው።

የዘንድሮው በዓል እጅግ ያማረ ነበር። አራት ቡድን ወጣ፤ ሲኩው ከፑካራ ላይ ሲነፋ እስከ ሐይቁ ዳር ይሰማ ነበር። ቃላኡታ ቃላኡታ ናት።

ዜማው ግን ካሴት ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም፣ ልጄ። የኮረብታው ዜማ ነው። መስቀል ከላይ ሲወርድ ነው የሚነፋው። እናንተ ሜዳ ላይ ሆናችሁ፣ በአውቶቡስ መሃል፣ ከምን ላይ ነው የምታወርዱት? ሰው ሲሰማ ምን ይላል?

ስንት ወንድ ናችሁ? አውጪውን የሚመራው የማን ልጅ ነው? ፎቶ ላኪልኝ። የንባብ መነጽርም እዚያ ርካሽ ነው ይላሉ፤ ብታገኚልኝ ደብዳቤሽን ሰው ሳላስቸግር አነበው ነበር።

አጎትሽ
ሳቱርኒኖ


ቦነስ አይረስ፣ ኦገስት 3 ቀን 1997

ለተከበሩ አጎቴ

ጉልበትዎን ሙቀት፣ ዓይንዎን ብርሃን ይስጥልኝ። መነጽሩን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ።

ኮረብታ የላችሁም ያሉት እውነት ነው። ይህ ከተማ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ነው። ስለዚህ መስቀሉን የምናወርደው ከአንድ ያገራችን ሰው ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ ነው። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ትልቁ ከበሮ አያልፍም፤ እሱን በገመድ እናወርደዋለን። ታች ያለው ሰው ከበሮው በአየር ላይ ሲመጣ ሲያይ እልል ይላል። ጣሪያው ላይ ሆነን ወደ እናንተ አቅጣጫ ዞረን ነው ለእናት ምድር መጠጥ የምናፈሰው።

ሰው ምን ይላል ላሉት፣ ዘንድሮ የሆነውን ልንገርዎ። ጎረቤት ከሶ ፖሊስ መጣ።

“ይሄ ጩኸት እስከ ስንት ሰዓት ነው?” አለ።

ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ዶኛ ሬሜዲዮስ ቀረቡት። “ጩኸት አይደለም ጌታዬ፣ በዓል ነው። ጩኸት እናንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ለኳስ የምትጮኹት ነው።”

“እሺ፣ ኃላፊው ማነው?”

“መስቀሉ ነዋ። ሂድና አናግረው።”

ፖሊሱ መስቀሉን አየ፣ እኛን አየ። ዶኛ ሬሜዲዮስ ምላሹን ሳይጠብቁ የኪኑዋ ሾርባ በሳህን ሰጡት። ቆሞ በላ፣ ሳህኑን መለሰ፣ “ከአሥር ሰዓት አታሳልፉ” ብሎ ሄደ። አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ነፋን።

ሃያ አራት ሰው ነን። አውጪውን አባቴ ራሱ ያስተማረው ሰው ይመራል። ፎቶ አንሺው ከኋላችን ስለቆመ ፊታችን አይታይም፤ የፖንቾ ካባውንና ባርኔጣውን ግን ይዩልን። ሁሉንም የሰፋነው እኛው ነን።

ስለ ዜማው እንደገና እለምንዎታለሁ።

ዴልፊና


ቃላኡታ፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1997

ለዴልፊና

በደህና ያድርስሽ። መነጽሩ ልክ ነው። የሩቁንም የቅርቡንም አሳየኝ።

ነጋዴዋ ዶኛ ቶማሳ ወደዚያ ስለምትመጣ ስድስት ጥንድ ሲኩ ሰጥቻታለሁ። ሸምበቆው ከቆላ የመጣ ጥሩ ሸምበቆ ነው፤ ራሴ ቆርጬ ራሴ ነው ያሰርኩት። ከመነፋቱ በፊት በትንሹ አርጥቡት።

የተቀባዩን ክፍል መቅዳት አልተቻለም። ተቀባዬ ዶን አንሴልሞ ጥርሱን አሞት ላፓስ ሄዷል።

ፎቶውን በአዲሱ መነጽር ደጋግሜ አየሁት። ፖንቾው ያምራል። ከኋላው ረድፍ ግን ከባርኔጣ ሥር ሹሩባ የወረደላቸው አሉ። እዚያ ወንዶቹ ጸጉር ማሳደግ ጀመሩ እንዴ?

ሳቱርኒኖ


ቦነስ አይረስ፣ ማርች 1 ቀን 1998

ለተከበሩ አጎቴ

እግዚአብሔር እጅዎን ይባርክ። ሲኩዎቹ አንድም ሳይሰነጠቅ ደርሰዋል። ጨርቁን ስፈታ የሸምበቆው ሽታ ቤቱን ሞላው።

ዶኛ ቶማሳን ለእራት አስቀርቻቸው ነበር። “ዶን አንሴልሞ ጥርሱ እንዴት ሆነለት?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። “የቱ ጥርስ?”

“ላፓስ ሄዶ የለም?”

“ልጄ፣ አንሴልሞ ከተቀበረ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ እኮ መስቀሉም አልወረደም። ማን ነፍቶ ማን ያወርደዋል? ወጣቱ ሁሉ እዚህ እናንተ ጋ ነው።”

አጎቴ፣ ለምን እንዳልነገሩኝ አልጠይቅዎትም። ያንን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኛ እዚህ ስንነፋ ሁልጊዜ እናስብ የነበረው፣ ብንሳሳትም እንኳ ዋናው በቦታው አለ ብለን ነው።

ዶኛ ቶማሳ ተመልሰው መንገራቸው ስለማይቀር የኛን ነገር እኔው ልንገርዎ። ሹሩባዎቹ የሴቶች ናቸው። ከሃያ አራታችን ከግማሽ በላይ ሴቶች ነን። አውጪውን የምመራው እኔ ነኝ። አባቴ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ከሱ ጋር አውጪውን ይነፋ የነበረው ሰውዬ ወደ ሌላ አገር ሲሄድበት አንድ እሁድ ከፊቱ አስቀመጠኝና ሲኩውን አቀበለኝ። “ንፊ” አለኝ። “ሴት ትነፋለች እንዴ?” አልኩት። “ከንፈር አለሽ አይደል?” አለኝ። ነገሩ ያኔ አለቀ።

ሸምበቆዎቹን መልሱ ካሉኝ እመልሳለሁ፤ የእርስዎ ናቸው። ሲኩ አትንኩ ካሉን ግን አንሰማዎትም።

አክባሪዎ
ዴልፊና


ቦነስ አይረስ፣ ሜይ 10 ቀን 1998

ለተከበሩ አጎቴ

በሰላም ይቆዩኝ። ያለፈው ደብዳቤዬ ደርሶዎት ይሁን ጠፍቶ አላውቅም። መልስ ስላልመጣ ሸምበቆዎቹን መልሱ እንዳልተባልን ቆጠርኩትና በበዓሉ ቀን ነፋንባቸው።

መስቀሉን ከጣሪያው ስናወርድ የማውረጃውን ዜማ ነፋን። እኛ ያለን የአውጪው ክፍል ብቻ ነው። እና ተቀባዩ የሚነፋበት ቦታ ሲደርስ ዝም አልን። እንደገና ነፋን፣ እንደገና ዝም አልን። መጀመሪያ ሰው ተሳሳቱ ብሎ ነበር። በኋላ ገባው። ከደረጃው እስከ መንገዱ፣ ባርኔጣውን ያላወለቀ አልነበረም። አውቶቡሱም ቆመልን።

ዶኛ ሬሜዲዮስ፣ “ዘንድሮ ሞቶቻችንም የነፉ መሰለኝ” አሉ።

ይህንኑ እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው።

ዴልፊና


ቃላኡታ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1998

ልጄ ዴልፊና

እዚህ የተዘራው እንዲበቅል፣ እዚያ የተሰፋው እንዲሸጥ ሁሉን የያዘ ይርዳን።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። የመጀመሪያውን አንብቤ አኮረፍኩሽ። በጎቹን እየነዳሁ ብቻዬን ስከራከርሽ ነው የከረምኩት፤ አብዛኛውን ቀን የምትረቺኝ አንቺ ነበርሽ።

አራት ቡድን ወጣ ማለቴን ውሸት አልለውም። በጉልምስናዬ አራት ቡድን ይወጣ ነበር። ስለ ቃላኡታ በዓል ስጠየቅ የምነግረው ያንን ነው፣ ወደፊትም እሱን ነው የምነግረው። አንሴልሞ በሞተ በዓመቱ ሲኩዬን ይዤ ፑካራ ላይ ብቻዬን ወጥቼ ነበር። የራሴን ነፋሁ፤ የሱ ተራ ሲደርስ ጠበቅሁ። ነፋስ ብቻ ነው የነበረው። መስቀሉን እዚያው ጸሎት ቤቱ ውስጥ ትቼው ወረድኩ። ስለዚህ ዝም እያላችሁ ነፋችሁ ስትዪኝ ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ።

ሴት ሲኩ ከነፋች ውርጭ ይወርዳል ስንባል ነው ያደግነው። አምና እዚህ አንዲት ሴት ሳትነፋ ውርጩ ወርዶ ድንቼን ለበለበው። ታዲያ ማንን ልክሰስ?

አሁን የሆነውን ስሚ። ባለፈው ወር የመንደሩ ስብሰባ ላይ ኤሚሊያኖ “ልጅቷ ምን ትላለች?” እያለ ስለነዘነዘኝ ሁለተኛውን ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ባርኔጣውን ያላወለቀ አልነበረም የሚለውን ሁለቴ አነበብኩላቸው።

ኤሚሊያኖ ተነሳ። “ሴቶች ሲኩ ይዘው የቃላኡታን ስም ሲጠሩ ዝም ልንል ነው?”

“እኛስ ምን ይዘን ነው የምንጠራው?” አለችው ከሴቶቹ መሃል ካሲሚራ፣ የአንሴልሞ ሚስት።

“አንቺ ደግሞ ስለ ሲኩ ምን ታውቂያለሽ?”

ካሲሚራ ተነሳች። ሰዉን አቋርጣ እኔ ጋ መጣችና፣ “ሳቱርኒኖ፣ አውጣ” አለችኝ።

“ምኑን ነው የማወጣው?”

“የማውረጃውን። አንሴልሞ አርባ ዓመት ቤቴ ሲለማመድ ከማን ጋር የተለማመደ ይመስልሃል? ከግድግዳው ጋር?”

ከትከሻ ልብሷ ሥር የአንሴልሞን ሲኩ አወጣች። እኔም የራሴን ከቤት አስመጣሁ። ጀመርኩ። ተራዋ ሲደርስ ተቀበለችኝ። አንዲት ድምፅ አልሳተችም። እንዲያውም እኔ ሁለቴ ስሳሳት ቆማ እየጠበቀች አስተካከለችኝ፤ የአውጪውንም ታውቀዋለች። ያን ሁሉ ዓመት በየማለዳው በደጇ ሳልፍ እንደምን አደርሽ ብቻ ስላት ኖሬአለሁ።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት።

“ጠየቅኸኝ?” አለችኝ።

ኤሚሊያኖ መሬት መሬቱን እያየ፣ “እኔ እኮ ውርጩን ብዬ ነው” አለ።

ካሴት አንልክም። ካሲሚራ “ለማሽን አልነፋም፣ ፊቱን ለማየው ሰው ነው የማስተምረው” ትላለች። ስለዚህ ነይ። ሹሩባ ያላቸውንም ይዘሽ ነይ። መስቀሉ ከባድ ነው፣ እኛ ሽማግሌዎች ሆነናል። ሌላ የምንጠይቅሽ ነገር የለም፤ ሰው ይዘሽ ነይ።

አጎትሽ
ሳቱርኒኖ


ቦነስ አይረስ፣ ማርች 14 ቀን 1999

ለተከበሩ አጎቴና ለዶኛ ካሲሚራ

ዓይን ለዓይን እስክንገናኝ ደህና ቆዩልን። እንመጣለን። አሥራ ሰባት ሰው ነን።

ደብዳቤዎን ሜዳው ላይ ለሁሉም አነበብኩት። ስለ ዶኛ ካሲሚራ ሲሰሙ ሴቶቹ ተንጫጩ፤ ከዚያ አንዷ ብድግ ብላ ነፋች፣ ሁላችንም ተከተልናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጉዞው እንጂ ስለ ሌላ አናወራም።

እኔ ከምሰፋበት ቤት አለቃ ጋር ትንሽ ተነጋግረናል።

“ሁለት ሳምንት ፈቃድ እፈልጋለሁ” አልኩት።

“ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም። በዓል ነው።”

“ለበዓል ሁለት ሳምንት የሚሰጥ የት አይተሻል?”

“ካልሰጠኸኝም እሄዳለሁ” አልኩት። እስከ ማታ አኩርፎ ዋለና ልወጣ ስል፣ “የስፌት መኪናሽ ላይ ሰው አላስቀምጥም፣ ቶሎ ተመለሺ” አለኝ። ሁለት ልጆች ግን ሥራቸውን ለቀው ነው የሚመጡት። እንዳታስቡላቸው፣ እነሱ ራሳቸው አላዘኑም።

ከመሃላችን እዚሁ የተወለዱ አሉ። ተራራ በፎቶ እንጂ በዓይናቸው አላዩም። ቋንቋችንን አይማራን ቢሰሙም በደንብ አይናገሩም። ዶኛ ካሲሚራ ትዕግሥት ያድርጉላቸው። ከፍታው እንዳይጥላቸውም እፈራለሁ።

ልጆቻችንን ይዘን ነው የምንመጣው፣ ግቢያችሁ ይረበሻል። ይቅርታውን ከአሁኑ እንለምናለን።

ዴልፊና


ቃላኡታ፣ ጁን 20 ቀን 1999

ለልጄ ለዴልፊና

በሰላም መግባታችሁን ሰምቼ አመሰገንኩ። የአውቶቡሳችሁ ጎማ መንገድ ላይ ሁለቴ መፈንዳቱንም ሰምቻለሁ። ደርሳችኋል፣ ዋናው እሱ ነው። አሁን ቤት ቁጭ ብዬ፣ እዚህ እያላችሁ አፌ ያላወጣውን ልጻፍልሽ።

ከአውቶቡሱ ስትወርዱ ግማሻችሁ ስታስመልሱ፣ ግማሻችሁ ራሳችሁን ይዛችሁ ስታቃስቱ አይቼ ተስፋ ቆረጥኩ። “እነዚህ ናቸው መስቀል የሚያወርዱት?” አልኩ። ኤሚሊያኖም በጆሮዬ፣ “መጀመሪያ እነሱን ማን ያወርዳቸዋል?” አለኝ። ለከፍታው የሚበጅ የኮካ ቅጠል አፍልተን አጠጣናችሁ፣ አስተኛናችሁ። በማግስቱ ግን ካሲሚራ ግቢ ፊት ለፊቷ ተደርድራችሁ ቁጭ ስትሉ፣ እሷም ያልገባውን ሁሉ በእርግማን ሳይሆን በክርን እየጎሸመች ስታስተምር፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ስሰማ ዋልኩ። አይማራ የማይችሉት ልጆች ከማንም ቀድመው ያዙት። ጆሯቸው የአባቶቻቸው ነው።

ከዚያ ያ ንጋት። ብርዱ ጢሜን አድርቆት ነበር። ጸሎት ቤቱን ስከፍት ማጠፊያው ዝጎ አልከፈት ብሎ በትከሻችሁ ገፋችሁት። መስቀሉን ሴቶችና ወንዶች እየተቀባበላችሁ ስታነሱት ኤሚሊያኖ ራሱ ከአንድ ወገን ገብቶ ተሸከመ። አንቺ በግራዬ ቆመሽ አብረን አወጣን። የተቀባዩ ተራ ሲደርስ ዝምታውን ለምጄው ስለነበር ትከሻዬ ተሸማቀቀ። ከኋላዬ የመጣው ግን የአንድ ሰው ትንፋሽ አልነበረም፤ ካሲሚራና የናንተ ልጆች በአንድ ላይ ነበሩ። እኔ አላለቀስኩም። ፑካራ ላይ ነፋሱ ዓይን ያስነባል፤ አንቺም ያየሽው እሱን ነው።

እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ካሲሚራ እሁድ እሁድ ግቢዋን ትከፍታለች። የመንደሩ ሴቶች እየመጡ ይነፋሉ፤ ወንዶቹም እንዳይቀሩ ብለው ይመጣሉ። ኤሚሊያኖ ተቀባይ ልሁን ብሎ ተመዝግቧል። መጥፎ ተቀባይ ነው፣ ግን አይቀርም።

ፀሐይ በቤታችሁ ላይ ትውጣ፤ ዶኛ ሬሜዲዮስን ሳሚልኝ።

ትናንት ገበያ ወርጄ ነበር። የዋይኮማ ሰዎች፣ ከኮረብታው ማዶ ያሉት፣ ከበቡኝ። ድምፁ እነሱ ጋ ድረስ ተሰምቶ ኖሯል። ድሮ እንኳ እንደሱ አልሰማንም አሉኝ። ከመካከላቸው ሽማግሌው፣ “ሳቱርኒኖ፣ እኛም ልንጠራቸው ነበር፤ ያን የመሰለ ቡድን ከየት ነው ያስመጣችሁት?” አለኝ።

“ከየትም አላስመጣንም” አልኩት። “የቃላኡታ ቡድን ነው።”

አጎትሽ
ሳቱርኒኖ ካሊሳያ